ጌጁ ሌላ ቁጥር፣ ላፕቶፑ ሌላ ቁጥር፦ ዋይድባንዱን በካን ባገናኘው ይፈታል?

ዲኤክስ ከአዳማ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

መኪናዋ የአባቴ ዲኤክስ ናት። ካርቡራተሯ ተጠግኖ ተጠግኖ አልሆን ሲል ሞተሯን አውርጄ 4ኤ-ኤፍኢ ገጠምኩላት። 1.6 ሊትር፣ በኢንጀክተር የሚሠራ ነው። ሞተሩን ስገዛው የራሱ ኮምፒውተር አልነበረውም። ሽቦውም ግማሹ ተቆራርጧል። ስለዚህ ሩስኢኤፍአይ የሚባለውን ክፍት ምንጭ ኢሲዩ (የሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) አስገባሁ። ዘመዴ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ ነው የመጣው። ዋይድባንዱም (ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለክቶ የአየርና የቤንዚኑን ምጣኔ የሚናገረው መሣሪያ) አብሮ መጣ፦ ኤኢኤም ኤክስ ሲሪየስ ጌጅ ከቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ሴንሰር ጋር።

መኪናዋ ትነሳለች፣ ትሄዳለች። ወንጂ ደርሼባት ተመልሻለሁ። ግን ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅና ላፕቶፑ አይስማሙም። ላፕቶፑ የሚያሳየኝ ኢሲዩው የሚያነበውን ነው። ቀን ላይ ላፕቶፑ 14.7 (ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው) ሲል ጌጁ 14.4 ይላል። ይህን መጀመሪያ ችላ ብዬው ነበር። ማታ ፓውዛ አብርቼ የራዲያተሩ ፋን ሲነሳ ግን ላፕቶፑ እዚያው 14.7 ላይ ቆሞ ጌጁ ወደ 14.0 ይወርዳል። መብራቱን ሳጠፋ ይመለሳል። ሳበራ ይወርዳል። አሥር ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ አሥሩንም ጊዜ ያው ነው።

ካንዴላዎቹን አውጥቼ አየሁ። አራቱም ጥላሸት ለብሰዋል። ቤንዚን እየበዛበት ነው ማለት ነው። ስለዚህ እውነቱን የሚናገረው ጌጁ ይመስለኛል። ኢሲዩው ግን የሚያምነው እሱ ጋ የደረሰውን ቁጥር ነው፤ ቤንዚን የሚጨምረውና የሚቀንሰውም በዚያ ነው። ስንት ሰዓት ተሰልፌ የቀዳሁት ቤንዚን በማርሚታ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ያንገበግበኛል።

አሁን የተገናኘው በአናሎግ ነው። ከጌጁ አንድ የምልክት ሽቦ ይወጣል፤ ከ0 እስከ 5 ቮልት። ቀመሩን በትክክል አስገብቻለሁ፦ ቮልቱ በ2.375 ተባዝቶ 7.3125 ይደመርበታል። ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ጌጁ የካን (መሣሪያዎች በሁለት ሽቦ ዲጂታል መልእክት የሚለዋወጡበት መስመር) መውጫ አለው፤ ኢሲዩውም የካን መግቢያ አለው። አናሎጉን ትቼ በካን ባገናኘው ይህ ነገር ይጠፋል? ወይስ ችግሬን ይዤ ሌላ ሽቦ ላይ መሄዴ ነው? በካን ሠርታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ከምን እንደምጀምር ንገሩኝ።

የሐይቅ ዳር መካኒክ፣ ሐዋሳ፦

ልጄ፣ በደንብ ጽፈኸዋል። መብራት ሲበራ የሚቀየር ቁጥር ካየህ ሴንሰሩን አትጠርጥር። ጌጁንም አትጠርጥር። ግራውንድህን (ከረንቱ ወደ ባትሪው ነጋቲቭ የሚመለስበትን መንገድ) እይ።

እንዲህ አድርግ። ቴስተርህን በዲሲ ቮልት 2 ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ የጌጁ ጥቁር ሽቦ የታሰረበት ቡሎን ላይ፣ ሌላውን የኢሲዩው ግራውንድ ፒን ላይ አስነካ። የባትሪው ነጋቲቭ ላይ አይደለም፤ ኢሲዩው ላይ። ሞተሩ ይነሳ። መጀመሪያ ሁሉን አጥፍተህ አንብብ። ከዚያ ፓውዛውንም ፋኑንም አስነሳና አንብብ። ሁለቱን ቁጥር እዚህ ጻፍልን።

በኦም ለመለካት እንዳትሞክር። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚያ ላይ ነው። ቴስተሩ «ዜሮ ነው፣ ግንኙነቱ ደህና ነው» ብሎ ያሳልፋቸዋል። መጥፎ ግራውንድ የሚታወቀው ከረንት ሲያልፍበት ብቻ ነው። እኔ ጋ አንድ ዶልፊን መጥታ ነበር፤ ፓውዛ ስታበራ የሙቀት ጌጇ ይወጣል። ሹፌሩ ቴርሞስታት ቀይሯል፣ ሴንሰር ቀይሯል፣ ራዲያተር አሳጥቧል። ሲታይ ግራውንዷ ቀለም በተቀባ ላሜራ ላይ ነው የታሰረው። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ መልሼ አሰርኩት። አበቃ። ሰውየው ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው ለአንድ ቡሎን ነው።

ካን የሚባለውን በእጄ አልሠራሁበትም፤ ስለ እሱ የሚያውቁ ይምከሩህ። ግራውንዱን ግን በየትኛውም መንገድ ብትሄድ አታልፈውም።

ቪትዝ ነጂ፦

በዚያው አንድ ልጠይቅ። እኔ ቪትዝ ነው ያለኝ፣ ከፋብሪካ እንደመጣች ናት። ዋይድባንድ ብገጥምላት ነዳጅ ትቆጥባለች?

ሽቦና ሶልደር፣ አዳማ፦

ቪትዝ ነጂ፣ አያስፈልግህም። የፋብሪካው ኮምፒውተር ከራሱ ኦክስጅን ሴንሰር ጋር ተስማምቶ ነው የተሠራው። ገንዘብህን ለአየር ፊልተርና ለካንዴላ አውለው።

ወደ ዲኤክስ ልመለስ። እኔም አዳማ ነኝ፤ ኤሌክትሮኒክስ ነው የተማርኩት። ጋሼ ያሉት በሙሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ለምን እንደሆነ ነው። ምክንያቱን ካወቅከው ካን የሚፈታልህንና የማይፈታልህን ራስህ ትለያለህ።

ኤልኤስዩ 4.9 ራሱ ቮልት አውጥቶ የሚሰጥ ሴንሰር አይደለም። ውስጡ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ክፍል 450 ሚሊቮልት ላይ እንዲቆይ ሌላው ክፍል ኦክስጅን ያስገባል ወይም ያስወጣል። ለዚያ የሚያስፈልገው ከረንት ነው የሚለካው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሴንሰሩ 780 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ የሚያሞቀውና ከረንቱን የሚቆጣጠረው ሌላ ሰርኪት ይፈልጋል። ባንተ መኪና ያ ሰርኪት ጌጁ ውስጥ ነው። ጌጁ ለክቶ ጨርሷል፤ ቁጥሩን ያውቀዋል። ለዚያ ነው ዳሽቦርድህ ላይ የምታየው ትክክል የሆነው።

ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጌጁ ያወቀውን ቁጥር ወደ ቮልት ይቀይረዋል። ቮልት ደግሞ ሁልጊዜ በሁለት ነጥብ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ጌጁ «3.11 ቮልት» ሲል ከራሱ ግራውንድ ተነስቶ ነው። ኢሲዩው ሲያነበው ከራሱ ግራውንድ ተነስቶ ነው። ሁለቱ መሬት እኩል ካልሆኑ፣ ኢሲዩው የሚያነበው የጌጁን ቁጥር ሲደመር የመሬቱን ልዩነት ነው። የፓውዛውና የፋኑ ከረንት በላሜራው በኩል ወደ ባትሪ ሲመለስ የላሜራውን ቮልት ከሞተሩ ከፍ ያደርገዋል። ጌጅህ ላሜራ ላይ፣ ኢሲዩህ ሞተር ላይ ከታሰሩ ያየኸው ነገር በትክክል ይሆናል፦ ኢሲዩው ቤንዚን ያነሰ መስሎት ይጨምራል።

አንድ ጥያቄ። የዚያ ጌጅ አናሎግ መውጫ ለብቻው የምልክት ግራውንድ ሽቦ አለው። እሱን የት አሰርከው?

ዲኤክስ ከአዳማ፦

ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ለካሁ። እህቴ፣ አንቺ የጠየቅሽውንም አየሁ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው የሠራሁት፤ ነፋሱ ኮፈኑን ሊገነጥለው ነበር።

ሁሉም ጠፍቶ፦ 0.12 ቮልት።
ፓውዛና ፋን በርተው፦ 0.30 ቮልት።

0.30ን በ2.375 አባዛሁት፤ 0.71 መጣ። ከ14.7 ላይ ስቀንሰው 14.0 ነው። 0.12ንም እንደዚያው አደረግሁ፤ 0.285 ሆነ፤ ያቺ የቀኗ 0.3 ናት። ቁጥሩ እንዲህ ሲገጥም በዚያ ማታ ብቻዬን ጮህኩ።

አሁን ሽቦው። የጌጁ ጥቁር ሽቦ ሬዲዮው ጀርባ ያለ ቡሎን ላይ ታስሯል። ያ የምልክት ግራውንድ ያልሽው ቀጭን ሽቦም እዚያው ቡሎን ላይ ተጠምጥሟል። ያኔ ጥቅሙን ስላላወቅኩ «ግራውንድ ያው ግራውንድ ነው» ብዬ አንድ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ኢሲዩው ሞተሩ ላይ ነው። የባትሪው ነጋቲቭም ሞተሩ ላይ ነው። ከሞተር ወደ ላሜራ የሚሄደው ሽቦ ደግሞ የድሮው የዲኤክሷ ነው። ጫፉን ስነካው አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ እጄ ላይ ቀረ።

የሐይቅ ዳር መካኒክ፣ ሐዋሳ፦

ይኸው። ያን አረንጓዴ ሽቦ ጣለውና ወፍራም ሁለት አድርገህ እሰር። አንዱን ከሞተር ወደ ላሜራ፣ ሌላውን ከባትሪ ቀጥታ ወደ ላሜራ። የምታስርበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ ፋቀው፤ ካሰርክ በኋላ ግሪስ ቀባው። የአዳማ አቧራና ላብ አያስተርፍም።

ሽቦና ሶልደር፣ አዳማ፦

ጋሼ ያሉትን አስቀድመህ ሥራ። ያን ቀጭን ሽቦም ከቡሎኑ ፈተህ ወደ ኢሲዩው የሴንሰር ግራውንድ ብትወስደው አናሎጉም በደንብ ይሠራል። ይህን የምልህ ካን የግድ ነው ብለህ እንዳትጨነቅ ነው።

ሆኖም መስመሩ በእጅህ ስላለ እኔ ብሆን በካን እሄዳለሁ። በካን የሚላከው ቮልት ሳይሆን ራሱ ቁጥሩ ነው። ኢሲዩው የሚያየው በሁለቱ ሽቦዎች፣ በካን ሃይና በካን ሎው መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ላሜራው በ0.3 ቮልት ከፍ ቢል ሁለቱም ሽቦ አብረው ከፍ ይላሉ፤ ልዩነቱ አይነካም። መልእክቱ ወይ በትክክል ይደርሳል፣ ወይ አይደርስም። «ትንሽ የተዛባ 14.7» የሚባል ነገር የለም።

ሌላው የምወደው ነገር፣ ሴንሰሩ ገና እየሞቀ ሳለ ያለው ነው። በአናሎግ ኢሲዩው የሆነ ቮልት ያያል፤ ቮልቱ እውነተኛ ልኬት ይሁን አይሁን የሚለይበት መንገድ የለውም። በካን መልእክት ውስጥ ግን «ይህ ቁጥር ይታመናል» የሚል ምልክት አብሮ ይመጣል።

ለመሥራት የሚያስፈልግህ ይህ ነው። የጌጁ ፍጥነት 500 ኪሎቢት በሰከንድ ነው፤ ኢሲዩውንም እዚያ ላይ አድርገው። የመልእክቱ መለያ በሄክሳ (በ16 መደብ የቁጥር አጻጻፍ) 180 ነው፣ ግን ባለ 29 ቢት ነው። ባለ 11 ቢት መስሏቸው ፈልገው የሚያጡት ብዙ ናቸው። በሰከንድ 100 ጊዜ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች ላምዳው ናቸው (ያለው የአየርና የቤንዚን ምጣኔ ለትክክለኛው ምጣኔ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፤ ልክ ሲሆን 1 ነው)፤ አንዱ ቁጥር 0.0001 ላምዳ ነው። ኢሲዩው ላይ ይህን ሁሉ አትጽፍም፤ የካን ዋይድባንድ የሚለውን አብርተህ የጌጁን ዓይነት መምረጥ ነው። ለፍተሻ ግን ማወቁ ይጠቅምሃል።

ሽቦዎቹን እርስ በርስ ጠምዝዛቸው። ከካንዴላ ገመዶቹ አርቃቸው። ከሁሉ በፊት ግን ባትሪውን ፈተህ በካን ሃይና በካን ሎው መካከል በኦም ለካ። መስመሩ በሁለቱ ጫፍ አንዳንድ የ120 ኦም ሬዚስተር ይፈልጋል። 60 ካነበብክ ሁለቱም አሉ። 120 ካነበብክ አንድ ይጎድላል። 40 ካነበብክ አንድ ተርፏል።

ዲኤክስ ከአዳማ፦

ቅዳሜን ሙሉ እዚሁ ላይ ዋልኩ። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ምናልባት ከእኔ በኋላ ለሚመጣ ይጠቅማል።

ግራውንዱን እንደተባልኩት ሠራሁ። ሁለት ወፍራም ሽቦ፣ የተፋቀ ብረት፣ ግሪስ። በድጋሚ ለካሁ። ፓውዛና ፋን በርተው 0.30 የነበረው 0.03 ሆነ። ገና ካኑን ሳልነካው ጌጁና ላፕቶፑ ሊገናኙ ተቃረቡ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከዚያ ካኑ። ሁለቱን ሽቦ አንድ ጫፋቸውን ጓደኛዬ ይዞልኝ ሌላውን ድሪል ላይ አስሬ ጠመዘዝኳቸው። ያማረ ገመድ ወጣው። በኦም ስለካው 120። አንድ ይጎድላል ማለት ነው፤ ያለው የኢሲዩው ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። የ120 ኦም ሬዚስተር ስለው አንድ ሳጥን ዘረገፈልኝና «ቡናማ፣ ቀይ፣ ቡናማ ፈልግ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ ሳገላብጥ ሦስት አገኘሁ። ብር አልቀበልም አለ። አንዱን ጌጁ በኩል ባለው ጫፍ ላይ በየድኩት፤ ቴስተሩ 60 አለ።

አስነሳሁ። ላፕቶፑ ላይ ምንም የለም። የላምዳው ቦታ ባዶ ነው። ፍጥነቱን አየሁ፣ ልክ ነው። የጌጁን ዓይነት አየሁ፣ ልክ ነው። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። በመጨረሻ የኢሲዩውን ሶኬት ከፍቼ የፒኖቹን ሥዕል ከጎኑ አስቀምጬ አየሁ። ሥዕሉ ሶኬቱን ከፊት የሚያሳይ ነው፤ እኔ ሽቦውን የከተትኩት ከኋላ እያየሁ ነው። ካን ሃይና ካን ሎው ተቀያይረዋል። አወጣኋቸው፣ አቀያየርኳቸው። የተቃጠለ ነገር የለም።

ወዲያው መጣ። ሽቦና ሶልደር የካን ማንበቢያዋን ይዛ ፖስታ ቤት አካባቢ አግኝታኝ ስለነበር በዚያም አየነው። 27 10። 27 04። 27 15። 27 10። መስመሮቹ እየተግተለተሉ ይወርዳሉ። 27 10 በሄክሳ ማለት 10000 ነው፤ ላምዳ 1.0000። ሞተሩ ሲተነፍስ በቁጥር እያየሁት ነበር። ያን ያህል ጊዜ በድምፅና በማሽተት ስገምተው የኖርኩትን ነገር።

አሁን ግን ሌላ ጉድ መጣ። ጌጁ 14.7 ይላል። ላፕቶፑ 14.1 ይላል። በካን! ቁጥሩ ራሱ ነው የሚላከው ተብሎ! ፓውዛ ባበራም ባጠፋም ልዩነቱ አይንቀሳቀስም፤ ቁጭ ያለ 0.6 ነው። ትናንት የኢሲዩውን ፈርምዌር (ውስጡ ያለውን ፕሮግራም) ሳድስ ከሌላ ሰው የተገኘ መነሻ ፋይል ጭኜ ነበር። ከሱ ይሆን?

ሽቦና ሶልደር፣ አዳማ፦

ከሱ ነው። አይዞህ፣ ምንም አልተበላሸም። ትናንት አብረን ስናየው ላምዳውን ብቻ ስለተመለከትን አምልጦናል።

በሽቦው የሚሄደው ላምዳ ነው። ጌጁ ላምዳን በ14.7 ገደማ አባዝቶ ያሳይሃል። ኢሲዩው ደግሞ መነሻ ፋይሉ ውስጥ በተጻፈው ቁጥር ያባዛል፤ ያ ፋይል 10 በመቶ ኢታኖል ላለው ቤንዚን ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው፤ ለሱ 14.1 ነው የሚጻፈው። ሁለቱም የሚሉህ «ላምዳ 1» ነው። የነዳጅ ምጣኔ የሚለው ቅንብር ውስጥ ገብተህ እየው።

እኔ የምመክርህ ግን አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱንም ወደ ላምዳ ቀይራቸው። እኛ አገር ቤንዚን ከኢታኖል ጋር ሲደባለቅ ኖሯል። ፊንጫም መተሐራም ከሞላሰስ ኢታኖል ሲያወጡ ኖረዋል። ዛሬ የቀዳኸው ቤንዚን ውስጥ ምን ያህል እንዳለ በምን ታውቃለህ? ኢታኖል ካለበት ትክክለኛው ምጣኔ 14.7 አይደለም። ሴንሰሩ የሚያየው ግን የተረፈውን ኦክስጅን ነው፤ ላምዳ 1 በማንኛውም ቤንዚን ላምዳ 1 ነው።

ሌላም አንድ ነገር ስለማያስችለኝ ልናገር። ሴንሰሩን ማርሚታው ላይ ተክለህ ጌጁን ነቅለህ መኪናዋን እንዳትነዳት። ያልሞቀ ሴንሰር በጥላሸት ይደፈናል። ሽቦው የሚወጣበት ጫፉም ወደ ላይ ዘንበል ብሎ ካልተተከለ ጠዋት የሚጠራቀመው ውኃ የጋለውን ሴራሚክ ይሰነጥቀዋል። ሲልከንም በአካባቢው አትቀባ፤ ይመርዘዋል።

ዲኤክስ ከአዳማ፦

ቅንብሩ ውስጥ ገባሁ። 14.1 ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱንም ወደ ላምዳ ቀየርኳቸው። ጌጁ 1.00። ላፕቶፑ 1.00።

ሴንሰሩንም አየሁት፤ ጎን ለጎን ተጋድሞ ነበር። በያጅ ጋ ወስጄ መትከያውን ቆርጠን ወደ ላይ አዘንብለን መልሰን በየድነው።

ትናንት ማታ ወደ አሰላ ወጣሁ። ዳገቱ ረጅም ነው፤ እየወጣህ ስትሄድ አየሩ ይሳሳል። ፓውዛ በርቷል፣ ፋኑ ሁለት ሦስቴ ተነስቷል። ጎኔ የተቀመጠው ወንድሜ ላፕቶፑን ይዞ ጌጁንና እሱን እያስተያየ ይጠራልኛል። አንድ ነጥብ ዜሮ። አንድ ነጥብ ዜሮ አንድ። ዜሮ ነጥብ ዘጠና ዘጠኝ። ሁለቱም እኩል። ኢተያ ላይ ሰልችቶት መጥራቱን ተወው።

ዛሬ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ካንዴላዎቹን አወጣሁ። ጫፋቸው ነጣ ያለ ቡናማ ነው፤ አራቱም። ፎቶውን ከታች አያይዣለሁ። ጋሼ፣ ሦስተኛዋ ትንሽ ጠቆር ብላለች፤ ኢንጀክተሯን ላሳጥብ?

የሐይቅ ዳር መካኒክ፣ ሐዋሳ፦

አየሁት። ገና አታሳጥብ። ሦስተኛዋንና ሁለተኛዋን ካንዴላ አቀያይራቸውና አንድ ሳምንት ንዳት። ጥቁረቱ ካንዴላዋን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላ ትቀይራለህ፤ እዚያው ሦስተኛው ላይ ከቀረ ኢንጀክተሩን ፈተህ አምጣው፣ እኔ አጥብልሃለሁ።